ድምፅ ሲጎረንን፦ ዜማ፣ ጉርምስና እና ገና ያልተጻፈው የጎጃም ልቦለድ

የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሚማሩበት በዜማ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። በሰባትና በስምንት ዓመቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከቤቱ የወጣ፣ ጾመ ድጓውን ሲያዜም እንደ ክር በቀጠነ ድምፁ ጎጆውን ጸጥ የሚያሰኝ ልጅ፣ አንድ ማለዳ ከዜማው ዓይነቶች አንዱን፣ አራራዩን፣ ሊያነሣ ሲል ድምፁ መሐል ላይ ይሰበርበታል። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይሰበራል። የኔታ ቀና ብለው ያዩትና ዝም ይላሉ። ጓደኞቹ አፋቸውን በደበሏቸው ይሸፍናሉ፤ አንዱ «ጎረነነ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ የሚነገር የለም። በልጁ ላይ ግን ያን ዕለት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደርሶበታል፦ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መታወቂያው የነበረውን ድምፅ አጥቷል፤ በምትኩም ምን እንደሚያደርግበት ማንም ያልነገረው አዲስ ገላ ተሰጥቶታል።

እንዲህ ያለው ማለዳ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ስፍራ ያገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች አንድ ልጅ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት ሲሻገር እግር በእግር የሚከተል የልቦለድ ዘርፍ አለ፤ ከዚህም ዘርፍ ውስጥ የሙዚቃን ፍቅርና የፆታ ስሜትን መነቃቃት አብረው የሚተርኩ ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። ሁለቱ የተጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወጣት የሚሰማውን ነገር ገና ስም ሳያወጣለት በዜማ ያውቀዋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የቀረበት ጉድለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ዓመታት ይፈጅበታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ልቦለድ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በጎጃም ሞልቶ ሳለ ልቦለዱ ራሱ ለምን ቀጨጨ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ምኞትን ለዜማ፣ እፍረትን ለዝርው ጽሑፍ አከፋፍለን ሰጥተናል። ይህ ክፍፍል በጥንቱ የመንደር ኑሮ ውስጥ የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ዛሬ ግን ልጆቻችንን በጣም በሚቸገሩበት ዕድሜ ብቻቸውን እያስቀራቸው ነው።

ነገሩን ከቃላቱ እንጀምር። አማርኛ ለዚህ ዕድሜ የሰጣቸው ስሞች ብዙና ውብ ናቸው፦ ጉብል፣ ኮበሌ፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ፣ ልጃገረድ። ዕድሜው መድረሱን ስንናገር ደግሞ «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» እንላለን። እነዚህ አባባሎች የሚለኩት አቅምን ነው፤ ማግባት መቻልን፣ ጎጆ መውጣት መቻልን። የደረሰው ልጅ ምን እንደተሰማው የሚጠይቅ ቃል በውስጣቸው የለም። ስሜቱን በስሙ ልጥራው ያለ ጸሐፊ ሦስት በር ያገኛል፤ ሦስቱም ወደሚፈልገው ቤት አያስገቡትም። «ግብረ ሥጋ» ቢል የፍርድ ቤትና የንስሓ ቋንቋ ነው። «ወሲብ» ቢል በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስልበታል። የመንደሩን ቃል ቢደፍር ስድብ ይሆንበታል። አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የጎረቤቱ ልጅ እንስራ አዝላ ስታልፍ ጉሮሮው ለምን እንደሚደርቅ ለመናገር ከእነዚህ አንዱም አይረዳውም። ስለዚህ ደራሲው ያልፈዋል፤ ልጁን በአንድ አንቀጽ አሳድጎ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሚስት ያጋባውና ይገላገለዋል።

ዘፈናችን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ማሲንቆ ተጫዋቹ በጠጅ ቤት፣ እረኛው በዋሽንቱ፣ ኮረዶቹ በጨዋታ ሜዳ፣ በልቦለድ ገጽ ላይ ቢጻፍ ሰው የሚሸማቀቅበትን ነገር በሰምና ወርቅ ሸፍነው በአደባባይ ይሉታል፤ አባትና ልጅም ቁጭ ብለው አብረው ያዳምጡታል። ቋንቋው ራሱ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። «ስማኝ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለወንድ ሲነገር «አድምጠኝ» ማለት ነው፤ ስለ ሴት ሲነገር ደግሞ «ሳመችኝና» ማለት ይሆናል። አንድ እረኛ «ጓደኛዬ ስማኝ ወንዙን ተሻገረች» ብሎ ቢያንጎራጉር፣ ሰሙ ለባልንጀራው የተነገረ ተራ ወሬ ነው፤ ቢጠየቅም «ወንዝ ተሻገረች አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?» ብሎ ይከራከራል። ወርቁ ግን ጓደኛው ስማው መሄዷ ነው። ምሳሌውን ለዚህ ጽሑፍ ያበጀሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮንና ከንፈርን በአንድ ቃል ያሳደረው ግን ቋንቋው ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ በሚለምንበት «በእንተ ስማ ለማርያም» ውስጥም ይኸው «ስማ» አለ፤ እዚያ በግእዝ «ስሟ» ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ጎረምሳ ተማሪ በማርያም ስም ቁራሽ ሊለምን ከአንድ ደጅ ቢቆምና ቁራሹን ይዛ የወጣችው የቤቱ ልጅ ብትሆን፣ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሚታጨቅ አንባቢ ያስበው።

ልቦለድ ግን በዚህ መጠለያ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ቅኔ ወርቁን ሸፍኖ ያሳያል፤ ልቦለድ ደግሞ ሰው ወርቁን ለመሸፈን ሲጨነቅ ያሳያል። የገጸ ባሕሪውን ልብ ከውስጥ እየተረከ «ሌላ ምን አልኩ?» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የአማርኛ ልቦለድ ጸሐፊ የሚፈራው እዚህ ላይ ነው፤ ፍርሃቱንም አልነቅፍበትም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነውና።

ጎጃምን ለዚህ ጉዳይ የመረጥኩት አገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጉባኤ ቤቶች ስም ከጎጃም አልፎ በመላው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓለም የታወቀ ነው። ወደ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ በሦስት ቤት ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ በአምስት ቤት ዋዜማ፣ በስድስት ቤት ሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ውስጥ በየቀኑ የሚለማመደው አንድ ነገር ነው፦ አንዱን ቃል በሁለት ፊት መያዝ፣ የሚታየውን ከማይታየው በታች አለማድረግ፣ የማይታየውን ግን ለሚያስተውል ብቻ መተው። ይህን ጥበብ የሚማርበት ዕድሜ ደግሞ የሚሸሽገው ነገር በገላው ውስጥ መብቀል የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ቀን ቅኔ ሲቆጥር የዋለ ልጅ ሌሊት በሕልሙ ያየውን ለማን ይነግረዋል? የመሸሸግ ጥበቡን ከቅኔው ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ራሱ ሰምና ወርቅ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ የልቦለድ ገጸ ባሕሪ ከየት ይመጣል?

በዚህ ላይ የክህነት ሥርዓት አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ቅስና ሊቀበል የሚፈልግ ዲያቆን ድንግልናውን ጠብቆ፣ በቁርባን፣ አንዲት ሴት ማግባት አለበት። ከዚያ በፊት ቢወድቅ ክህነቱ ይፈርሳል። አንድ ወጣት ዲያቆን በድንገት ከመቅደስ መግባት ሲተው ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እናቱ ታውቀዋለች፣ ያስተማሩት የኔታም ያውቁታል። ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይጠይቀውም። እንዲህ ያለው ልጅ ምኞቱን የሚመዝነው ከኃጢአት ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሙያው፣ ከእንጀራው፣ ከዐሥር ዓመት ልፋቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሚወደው ዜማ ጋር ነው። ሴቲቱን ቢመርጥ ቅዳሴውን ያጣል። ቅዳሴውን ቢመርጥ ደግሞ ያን ቅዳሴ የሚያሳምርለትን የልቡን ትኩሳት አምቆ መኖር ሊኖርበት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሥርዓት የሚያነሣ ልቦለድ ቤተ ክርስቲያንን ሊነቅፍ የመጣ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። ለአንድ ወጣት ገላ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጥ ሥርዓት ልቦለዱ በክብር ሊገባበት የሚገባው ቤት ነው።

ወደዚህ ቤት ደጃፍ ከማንም በላይ የቀረቡት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ የጎጃም ልጅ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የሚጀምረው ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን በሰጡት ልጅ፣ በበዛብህ ነው። ስለቱን ልብ እንበል። ልጁ ገና ሳያውቅ ገላው ቃል ተገብቶበታል፤ ሲያድግም ልቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ከገቡት ቃል ጋር ሊጋጭ ነው። ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ አባቷ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ አንባቢው የሚፈራለት የፊታውራሪውን ቁጣ ብቻ ሳይሆን የዚያን የቆየ ስለት ዕዳም ነው። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማው ትውልድ ይህን ፍቅር በጆሮው ነው ያወቀው፤ በብዙ ቤት ልጆች ስለ ፍቅር በወላጆቻቸው ፊት ያለ እፍረት ያደመጡት ምናልባት ያኔ ብቻ ነበር።

ይሁንና መጽሐፉ የበዛብህን ልጅነት በዝርዝር፣ የሁለቱን ፍቅር ደግሞ በጥልቀት ሲተርክ በመካከል ያለው ዕድሜ በፍጥነት ያልፋል። ፍቅሩ የሚነሣው ሁለቱም ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ነው። በዛብህ ተማሪ ሳለ ድምፁ ሲለወጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለቱ ሲከብደው፣ ለራሱ እንግዳ ሲሆን አናየውም። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ታላቁ ደራሲ የፊውዳሉን ሥርዓት ሊያሳዩን ነበር የተነሡት፣ አሳይተውንማል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣነው ጸሐፊዎች እርሳቸው ክፍት የተውትን በር እንደተዘጋ ቆጥረን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

የሴቶቹ ነገር ከዚህ የከበደ ነው። ስለ ልጃገረድ ገላ በአደባባይ በመዝፈን እኛን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። የሠርጉ ማግስት «ብር አምባር ሰበረልዎ» ተብሎ ሲጨፈር፣ የአንዲት ልጅ የመጀመሪያ ሌሊት በከበሮና በእልልታ ለመንደሩ ይታወጃል። የተመሰገነው ሙሽራው ነው፤ የተመረቁት ወላጆቿ ናቸው። እርሷ ምን ሆነች? ፈራች? አመማት? ወደደችው? ዘፈኑ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያቺ ሙሽራ ገና ልጅ ነበረች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ አማካይ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶች ደግሞ 23.7 ዓመት ነበር፤ በአማራ ክልል ያሉ ሴቶች ዕድሜ ከአገር አቀፉም ያነሰ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ከስድስት የሚበልጡ ዓመታት የጉርምስና ዓመታት ናቸው። ወንዱ በእነዚህ ዓመታት ይዘፍናል፣ ይቀብጣል፣ ይሳሳታል፣ ይማራል። ሴቷ ቤት ትጠብቃለች፣ ልጅ ታዝላለች። ጉርምስናዋን የተነጠቀች ልጅ የጉርምስና ልቦለድ ሊጻፍላት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለእርሷ የተፈቀደላት አንድ የዜማ ሜዳ አለ። በምሥራቅ ጎጃም አዲስ ዓመት ሲቃረብ ልጃገረዶች ተሰብስበው እንግጫ ሊነቅሉ ይወጣሉ፤ ሣሩን እየነቀሉ፣ እየጎነጎኑ፣ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። በዚያ ሜዳ ማንም አያዛቸውም። ግጥሙን የሚያወጡት እነርሱ፣ የሚወደሰውንና የሚነቀፈውን ጎረምሳ የሚመርጡትም እነርሱ ናቸው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ቢሆንም፣ አንዲት ልጅ ምኞቷን በራሷ አንደበት፣ በእኩዮቿ መካከል፣ ሳትዳኝ የምትሰማበት ስፍራ ነው። ስለ ጥምቀቱ ሎሚ ብዙ ተጽፏል፤ ሎሚውን ግን የሚወረውረው ወንዱ ነው። እኔ ልቦለዱን ብጽፍ ከእንግጫው ሜዳ እጀምረው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ያቺ ልጅ ከሜዳው ስትጎድልና ጓደኞቿ ያንኑ ዘፈን ያለ እርሷ ድምፅ ሲዘፍኑ እቀጥለው ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የምትጓዘው በወንድ ልብስ ተሸሽጋ ነው። ከስድስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሁለቱም ደራሲዎች ከጎጃም ምድር የወጡ፣ ሁለቱም ሴት ባለታሪካቸውን ያፈቀሩ ናቸው። ሆኖም ለሴት ልጅ መንገድ ሲከፍቱላት መጀመሪያ ሴትነቷን አስወለቋት። በራሷ ቀሚስ፣ በራሷ ድምፅ እየዘፈነች የምትጓዝ ኮረዳ እስካሁን እጠብቃለሁ።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል፤ ልቦለዱ እነርሱን እንደ ጌጥ ብቻ ካስገባቸው ይከስራልና። ዐሥር አውታር ያለው በገና የዳዊት ነው፣ ይከበራል፣ በጾም ይደረደራል። አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ክራር ግን በአፈ ታሪካችን ለሰይጣን የተሰጠ ነው። ሁለቱ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ተቀደሰ፣ ሌላው ተረገመ። በማሲንቆውም ላይ እንዲሁ ነው፦ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታሩን እያስለቀሰ ሁላችንን የሚያስለቅሰው አዝማሪ፣ ልጃችንን ቢጠይቀን ግን አንድርለትም። ዋሽንት ብቻ ከዚህ ፍርድ የዳነ ይመስለኛል። አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ እረኛው ራሱ ይቆርጠዋል፣ ራሱ ይበሳዋል፤ ሲያድግ ጣቱ ይረዝማል፣ ዋሽንቱም ያጥረዋል፣ ሌላ ይቆርጣል። የልጅን ገላ መለወጥ እንዲህ በእጅ የሚያስጨብጥ ነገር ለጸሐፊ በቀላሉ አይገኝም። ከተቀደሰው ወደ ተራው ዜማ የሚደረገው ሽግግር ደግሞ በእውነት ሰዎች የተራመዱት መንገድ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ተነሥተው አዲስ አበባ ገብተው የተውኔትና የመዝሙር ሰው ሆነዋል፤ የቀድሞው ንጉሣዊ መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም በእርሳቸው ስም ይታወቃል። አንድ የቅኔ ተማሪ የተማረውን ሳይክድ ወደ መድረክ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ጉዳዩን ዛሬ ለምን እንደማነሣው ልግለጽ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በዳንግላ፣ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ ትናንሽ ሱቆች አሉ። ገበያ የወጣ የገጠር ልጅ ጥቂት ብር ከፍሎ ስልኩን ሞልቶ ይመለሳል። ከዘፈኑ ጋር ሌላም ነገር ይጫናል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅትም ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቆመም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቀርተዋል፤ የሥነ ሕይወት መምህሩ ስለ አካላዊ ለውጥ እያፈረ የሚያስተምራት አንዲት ምዕራፍ እንኳ ለብዙዎቹ ልጆች ቀርታለች። እንግዲህ ልጁ በእጁ ያለው ምንድን ነው? ከአንድ ወገን ሁሉን በሰም የሚሸፍን ዘፈን፣ ከሌላ ወገን ምንም የማይሸፍንና ምንም የማያስረዳ ምስል። በመካከላቸው የሚቆም፣ «የሚሰማህ ይህ ነው፣ ሌላም ሰው ተሰምቶታል፣ ከእርሱ በኋላም ኖሯል» የሚለው ድምፅ ጎድሏል። ጥሩ ልቦለድ ያ ድምፅ ሊሆን ይችላል። የወላጅን ምክር አይተካም፤ ወላጅ ግን አፍሮ ዝም ባለበት ሌሊት መጽሐፉ ከራስጌ አለ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልቅ ይሆናል፣ ልጆችን ያባልጋል ይባላል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ወሲብን በግልጽ የሚተርከውን ልቦለዱን «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ከጻፈ በኋላ ሥራው ሙሉ ሆኖ ለአንባቢ እስኪደርስ ዐሥርት ዓመታት መውሰዱ ይህ ፍርሃት ምን ያህል ሥር እንዳለው ያሳያል። እኔ ግን የምለው ልቦለድ ከዚያ የተለየ ነው። የልጅን ገላ ለአንባቢ ዓይን ማጋለጥ በጥበብም በሕሊናም ስሕተት ነው፤ የጉርምስና ልቦለድ ያን አይፈልግም፣ ሊፈልግም አይገባም። የሚፈልገው የስሜትን እውነት ነው፦ ማፈርን፣ መደንገጥን፣ በአንድ ዜማ ምክንያት ያለ ምክንያት ማልቀስን፣ ስሟን ለመጥራት መፍራትን። ለዚህ አንድም ልቅ ቃል አያስፈልግም። እንዲያውም የሰምና ወርቅ ልምዳችን ጸሐፊውን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የቱን ገልጦ የቱን ለአንባቢ እንደሚተው ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነውና።

ሌላው ከባዱ ጥያቄ ዝንባሌው ከእኩዮቹ የተለየ ወጣት ነገር ነው። በሌሎች አገሮች ዜማንና ፆታዊ ማንነትን የሚያጣምሩ ብዙ ልቦለዶች የሚተርኩት ስለ እንዲህ ያለው ልጅ ነው። በእኛ አገር የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተከለከለ ነው፤ የሃይማኖት ተቋማትም አጥብቀው ያወግዙታል። ስለዚህ ጉዳዩን የሚነካ ደራሲ ብዙ ነገሩን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ አውቃለሁ፤ ማንንም ደፍረህ ጻፍ ብዬ አልገፋም። ነገር ግን የልቦለድ ሥራ መፍረድ እንዳልሆነ ማሰብ ይገባናል። በአንድ የገጠር መንደር ውስጥ ከእኩዮቹ የተለየ ነገር እንደሚሰማው ተረድቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ሌሊት በዋሽንቱ ብቻ የሚያለቅስ ልጅ ቢኖር፣ ያ ልጅ ሕግም ስብከትም ከመድረሱ በፊት ሰው ነው። ሥቃዩን የሚረዳ አንድ ገጽ በአማርኛ መኖሩ ማንንም አያጠፋም። አለመኖሩ ግን ሊያጠፋ ይችላል።

ወጣት ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን አልፎ አልፎ ያሳዩኛል። ብዙዎቹ በጎጃም ያደጉ ናቸው፤ ዜማውን ያውቃሉ፣ ከድጓ ቤት የወጡም አሉባቸው። ሆኖም ለመጻፍ ሲቀመጡ ያ ሁሉ እውቀት ይሸሻቸውና የተለመደውን ይጽፋሉ፤ ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል፣ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል። ከአውቶቡሱ አስወርዳቸዋለሁ። ድምፅህ የጎረነነ ዕለት ምን ሆነ? ማን ሳቀ? እስከዚያ ድረስ በድምፅህ ታውቅህ የነበረችው ልጅ በማግሥቱ ስትሰማህ ምን አለች? እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ። አንዱ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ ሲል መለሰልኝ። ለሳምንታት አንዲት ፊደል እንኳ አላዜመም ነበር። በዜማ ምልክቶቻችን ውስጥ «ደረት» የሚባል አለ፤ ድምፅ ወደ ታች ወርዶ ከደረት የሚወጣበት ነው። ልጁ ከዚያ በፊት ደረት ላይ ሲደርስ ድምፁ ስለማይወርድለት እያስመሰለ ያልፈው ነበር። አንድ ቀን የኔታ ጠርተው መጽሐፉን ገለጡለትና ጣታቸውን ከምልክቷ ላይ አሳረፉ። ልጁ ፈራ፣ ከዚያም ከፈተው፤ ድምፁም ወረደለት። ያን ሲነግረኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። «ይህን ጻፈው» አልኩት። መጻፍ ጀምሯል።